ስለ ፒየንዛ ጠይቁኝ፦ አንድ ቤተሰብ መንደሩን ከተማ ሲያደርግ

ባለፈው ስለ ጣልያን ትናንሽ ከተሞች ሲወራ የፒየንዛን ስም ጣል ባደርግ ጥያቄው በዛ። ቶስካና ውስጥ መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ፒየንዛም እግሬ የለመዳት ቦታ ናት። እንግዲህ የማውቀውን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፒየንዛ የት ናት? በምንስ ታወቀች?

መልስ፦ ቶስካና ውስጥ፣ ከሲዬና ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቫል ዶርቻ የሚባለውን ሸለቆ ቁልቁል የምታይ የኮረብታ ከተማ ናት፣ ነዋሪዋ 2,000 ገደማ ቢሆን ነው። የድሮ ስሟ ኮርሲኛኖ ነበር። በ1462 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 2ኛ የከተማነትና የሀገረ ስብከት ማዕረግ ሰጧትና በራሳቸው ስም ፒየንዛ አሏት። ሰው የሚያደንቃት አደባባይዋን፣ ካቴድራሏንና ቤተ መንግሥቷን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሐሳብ ስለሠሯት ነው። ዩኔስኮም በ1996 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ጥያቄ፦ ጳጳሱ ይህን መንደር ከየት አገኙት?

መልስ፦ የተወለዱት እዚያው ነዋ፣ በ1405። ቤተሰቡ ፒኮሎሚኒ ይባላል፣ የሲዬና መኳንንት ናቸው። ግን ሲዬና ውስጥ ሕዝባዊው ወገን ሥልጣን ሲይዝ መኳንንቱን ከሹመት አገደ፣ እነሱም ወደ ርስታቸው ወደ ኮርሲኛኖ ገቡ። ስም አለ፣ ገንዘብ የለም። ኤኔያ ሲልቪዮ (የጳጳሱ የዓለም ስም ነው) በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር። በ18 ዓመታቸው ለትምህርት ሲዬና ሄዱ፣ ከዚያ ጸሐፊ፣ ገጣሚ፣ ዲፕሎማት ሆኑ። የሮማ ጳጳስ የሆኑት በ1458 ነው።

በማግስቱ ዓመት በኦቶማኖች (በቱርኮች) ላይ ዘመቻ ለመምከር ወደ ሰሜን ጣልያኗ ከተማ ወደ ማንቱዋ ሲጓዙ በትውልድ መንደራቸው አለፉ። አብሮ አደጎቻቸው ግማሹ ሞቷል፣ የቀረው አርጅቶ ከቤት አይወጣም፣ ያገኟቸውንም ፊታቸውን መለየት አቃታቸው። ይህን ራሳቸው በማስታወሻቸው ጽፈውታል። እዚያው እያሉ ነው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ይሠራ ያሉት። ለእኔ የነገሩ ቁልፍ ይህ ነው፦ የተገፋ ቤተሰብ ልጅ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው። ሲዬናንም መኳንንቱን ወደ ሹመት እንድትመልስ ወጥረው ይዘዋታል።

ጥያቄ፦ ምን ምን ሠሩ? ለሥነ ሕንፃ ተማሪ ዘርዘር አድርግልን።

መልስ፦ ደስ ይለኛል። ሥራው የተሰጠው ቤርናርዶ ሮሴሊኖ ለሚባል የፍሎረንስ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ነው። ከ1459 እስከ 1462 ዋና ዋናውን ጨረሰው፤ ለዚያ ዘመን የሚያስገርም ፍጥነት ነው።

አደባባዩ ላይ ቆማችሁ ካቴድራሉን ፊት ለፊት እዩት። በቀኝ የፒኮሎሚኒ ቤተ መንግሥት፣ በግራ የከተማዋ ኤጲስ ቆጶሶች መኖሪያ፣ ከጀርባችሁ ማዘጋጃ ቤቱ አለ። አደባባዩ አራት ማዕዘን ቢመስልም ጎንና ጎኑ ያሉት ሕንፃዎች ወደ ካቴድራሉ በሄዱ ቁጥር እርስ በርስ ይራራቃሉ። ስለዚህ ጠባብ ቦታ መሆኑ ይረሳችኋል፣ በካቴድራሉ ግራና ቀኝ በተተወው ክፍተት ደግሞ ሸለቆው ብቅ ይላል። መሬቱ የዓሣ አጥንት በሚመስል አሰላለፍ የተነጠፈ ጡብ ነው፣ በነጭ ድንጋይ መስመር ተከፋፍሏል። ጥግ ላይ የውኃ ጉድጓድ አለች፣ ትንሽ ሆና እጅግ ያማረች።

ቤተ መንግሥቱ ከፊት ሲታይ የፍሎረንሱን የሩቼላይ ቤት ይመስላል። ልዩነቱ ጀርባው ነው፦ ሦስት ፎቅ ሙሉ ሰገነት ነው፣ ከሥሩ የአትክልት ቦታ፣ ከዚያ ሸለቆው፣ ከዚያ የአሚያታ ተራራ። ቤት የሚሠራ ሰው ለተራራ እይታ ብሎ ቦታ በማይመርጥበት ዘመን ይህ አዲስ ነገር ነበር።

ጥያቄ፦ ካቴድራሉ ላይ ጨረቃ አየሁ ልበል? ለቤተ ክርስቲያን ጨረቃ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ዓይንሽ ጥሩ ነው እህቴ። የቤተሰቡ ዓርማ ነው፦ ሰማያዊ መስቀል፣ በላዩ አምስት የወርቅ ጨረቃ። በኦቶማኖች ላይ ዘመቻ የሰበኩት ጳጳስ ጨረቃ በግንባራቸው ይዘው መሄዳቸው እኔንም ያስቀኛል።

ጥያቄ፦ ወጪውን ቤተሰቡ ነው የቻለው?

መልስ፦ አይ! አብዛኛው ከቤተ ክርስቲያን ካዝና ነው የወጣው፣ ዓርማው ግን የቤተሰቡ። ወጪው ከ50,000 ዱካት (የዘመኑ የወርቅ ሳንቲም ነው) በላይ ሆነ፣ ከመነሻው ግምት ብዙ እጥፍ። ሰዎች ሮሴሊኖን ከሰሱት፤ ገንዘብ አባከነ፣ ሥራውንም አበላሸ ተባለ። ጳጳሱ አስጠሩት። እሱ እየተንቀጠቀጠ ቀረበ። እሳቸው ግን ስለ ወጪው መዋሸትህ ደግ አደረግህ፣ እውነቱን ብትነግረን ይህን ያህል ብር እንድናወጣ ማንም አያሳምነንም ነበር አሉና 100 ዱካትና ቀይ ካባ ሸለሙት። እንዲህ ያለ አሠሪ የገጠመው ኮንትራክተር ካለ ይንገረኝ።

ጥያቄ፦ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ካቴድራሉ ይሰምጣል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። ድሮ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲሱ ወደ ደቡብ እንዲዞር ተደረገ፤ ለብርሃኑና ለእይታው ሲባል። የእኛ ሰው መቅደስ ወደ ምሥራቅ ነው ብሎ እንደሚሞግት አውቃለሁ። ችግሩ በደቡብ በኩል መሬቱ ቁልቁለት ነው፣ አፈሩም አይጨበጥም፣ ከሥር ሸክላ አለበት። መሬቱን ለማስተካከል ከመቅደሱ በታች ሌላ ክፍል ገነቡ፣ የጥምቀት ቤት ነው። ስንጥቁን ጳጳሱ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ አይተውታል። ዛሬ በመካከለኛው መተላለፊያ ወደ መሠዊያው ስትሄድ ወለሉ እያዘቀዘቀ እግርህ ይነግርሃል። እኔ መጀመሪያ የገባሁ ቀን ድካም መስሎኝ ወንበር ይዤ ነበር።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ለምን ባዶ ሆነ? ጣልያን ቤተ ክርስቲያን በሥዕል የተሞላ አይደል?

መልስ፦ በግዝት ተከልክሏል! ፒዮስ በመስከረም 1462 ነጩን ግድግዳ የቀባ፣ ሥዕል የጨመረ፣ ሕንፃውን የለወጠ የተወገዘ ይሁን ብለው ጻፉ። ብርሃኑ እንዲበዛላቸው ፈልገው ነው። መሠዊያዎቹ ላይ ግን የሲዬና ሠዓሊዎች የሠሯቸው ሥዕሎች አሉ፣ እነሱን እሳቸው ያዘዟቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ የመንደሩ ሰውስ? ቤቱ አልፈረሰም?

መልስ፦ ይህን የሚጠይቅ ሲጠፋ ገርሞኝ ነበር። ለሕንፃዎቹ ቦታ ለማግኘት ቤቶች እየተገዙ ፈርሰዋል። ካርዲናሎቹም (ከጳጳሱ ቀጥሎ ያሉት የቤተ ክርስቲያኗ ሹማምንት) ቤት እንዲሠሩ ተነገራቸው፣ ጳጳስ እየወተወተ እምቢ ማለት ይከብዳል። ከካቴድራሉ በግራ ያለውን፣ ቅድም የኤጲስ ቆጶሶቹ ያልኩትን ሕንፃ ካርዲናል ሮድሪጎ ቦርጂያ ወስዶ አደሰው፣ ኋላ ጳጳስ እስክንድር 6ኛ የሆነው ሰው ነው። ለድሆች ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ በኩል 12 አንድ ዓይነት ቤቶች በተርታ ተሠሩላቸው። እስከ ዛሬ ቆመዋል፣ «አዲሶቹ ቤቶች» ይባላሉ። ከአደባባዩ አይታዩም። ጎብኚ አይደርስባቸውም፣ እኔ ግን ሰው ስወስድ መጀመሪያ የማሳየው እነሱን ነው።

ጥያቄ፦ ጳጳሱ ሲሞቱ ከተማዋ ምን ሆነች?

መልስ፦ በ1464 ነሐሴ ላይ ለዘመቻው መርከብ ሲጠብቁ አንኮና ላይ አረፉ። ሮሴሊኖም በዚያው ዓመት ሞተ። ካርዲናሎቹ የሚያስደስቱት ሰው አልቀረም፣ ብሩም ቆመ። የእህታቸው ልጅ ፍራንቼስኮ (በ1503 ፒዮስ 3ኛ ተብሎ 26 ቀን ብቻ የነገሠው) ታዋቂውን ቤተ መጻሕፍት ያሠራው ሲዬና ካቴድራል ውስጥ ነው። በእኔ እይታ ፒየንዛን ያዳናት ይህ ነው፤ የሚያፈርስና የሚያሻሽል ሀብታም አልመጣባትም።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ አሁንም ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አለ?

መልስ፦ እስከ 1962 ኖረውበታል። አሁን በቲኬት ይገባል።

ጥያቄ፦ ልጆች ይዤ ብሄድ ይሰለቻሉ?

መልስ፦ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሂጂ። የአካባቢው የበግ አይብ በዓል ነው። አደባባዩ መሐል እንዝርት ያቆማሉ፣ ክብ አይብ በጡቡ ላይ እያንከባለሉ ወደ እንዝርቱ ያስጠጋሉ፣ የቀረበ ያሸንፋል። ባቡር አይደርስም፣ ከሲዬና በአውቶቡስ ነው።