ቪዛው እስኪመጣ ቤት መዘጋት አለብን እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እኔና ባለቤቴ ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን (አንዷ 9 ዓመቷ ነው ትንሹ 4) የዛሬ ስምንት ወር ገደማ አውሮፓ ሄደን ልንመለስ አስበናል፣ እንደ ቤተሰብ ስንወጣ የመጀመሪያችን ነው። ችግሩ ከአሁኑ ቤት ውስጥ ከቪዛና ከትኬት ሌላ ወሬ ጠፋ። በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ረጅም የእግር ጉዞ እንሄድ ነበር፣ አንዳንዴም ድንኳን ይዘን ውጪ እናድር ነበር፣ አሁን ግን ገንዘብ እንቆጥብ ፎርም እንሙላ ስንል ሁሉንም ተውነው፣ ልጆቹም ነጭናጫ ሆኑ። ባለቤቴ "ስንሄድ እንዝናናለን" ነው የሚለኝ፣ እኔ ግን ስምንት ወር የታሰርኩ ነው የመሰለኝ። የቪዛው ዝግጅትና የቅዳሜው መውጣት አብረው አይሄዱም?

መልስ፦ እህቴ ሰላም ነው፣ ገንዘቡ ላይ ባልሽ ልክ ነው አልከራከረውም፣ ግን በእግር መሄድ እኮ ብዙም ወጪ የለውም፣ ፎርሙም ቢሆን ቅዳሜን የሚበላ ነገር አይደለም። ንገሪው፣ የሸንገን ቪዛ (ብዙዎቹን የአውሮፓ አገሮች በአንዴ የሚያስገባው) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ነው የሚጀምረው ከዛ በፊት አይቀበሉም፣ የመጨረሻው ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው ነው። ስለዚህ አሁን ማመልከት ብትፈልጉም አትችሉም፣ ታዲያ ቤት ቁጭ ብላችሁ ምን ትሞላላችሁ? ውሳኔው በደንቡ 15 ቀን ነው ግን እስከ 45 ቀን ሊጎተት ይችላል፣ ቀጠሮ ማግኘቱም ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ በሩ እንደተከፈተ ግቡ እንጂ መጨረሻውን አትጠብቁ።

አሁን የሚሠራ ነገር ካለ ፓስፖርት ነው። የአራታችሁንም አውጡና የሚያልቅበትን ቀን እዩ፣ ሸንገን ከወጣችሁ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቀረው ይፈልጋል፣ ሌሎች ብዙ አገሮች ደግሞ 6 ወር ይላሉ። የልጆች ፓስፖርት በብዙ ቦታ ከአዋቂ ቀድሞ ስለሚያልቅ እሱን በተለይ። የስሙን ፊደል ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር አስተያዩ፣ አንድ ፊደል ተዛንፎ ትኬት ላይ ስንት ጣጣ እንደሚያመጣ! ኢንሹራንሱን (ለሸንገን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ሽፋን ያለው) በኋላ ትደርሱበታላችሁ። ለዚህ ሁሉ በሳምንት አንድ ምሽት፣ ሐሙስ በሉት፣ አንድ ሰዓት መድቡና ሰዓቱ ሲሞላ ላፕቶፑ ይዘጋ፣ በሌላ ቀን ቪዛ ያነሳ ሰው ሳህን ያጥባል።

ቅዳሜውን መልሱት። እንደውም ለጉዞው ራሱ የሚጠቅመው እሱ ነው፣ ይሄን ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ለልጄ አዲስ ጫማ ገዝተን "ለጉዞው ይሁን" ብለን ከነካርቶኑ አስቀመጥነው፣ ያን ጊዜ 6 ዓመቱ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ካልሲውን ላወልቅለት ስል አልወጣም አለ፣ ለካ ተረከዙ ተልጦ ካልሲው ተጣብቆበታል፣ በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፌ ነው ያላቀቅኩት እሱም ትንፍሽ ሳይል ፊቴን ያያል። የቀረውን ሳምንት ሙዚየሙን ሁሉ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ነው ያየው። ስለዚህ ጫማው ቀደም ብሎ ይገዛ (የልጅ እግር ስለሚያድግ ግን ሁለት ወር ሲቀረው ቢሆን ይሻላል) እና ጭቃ ይርገጥበት።

ሌላው፣ ትንሹ ልጅሽ "እቀፉኝ" እስኪል ስንት ደቂቃ እንደሚሄድ በስልክሽ ያዢው። 40 ደቂቃ ከሆነ ውጭ አገርም ያው 40 ነው፣ የከተማ ማማሩ እግር አይጨምርለትም፣ ፕሮግራሙን በዛ ልክ ቁረጡት። የራሱን ትንሽ ቦርሳ ይሸከም፣ ውሃና አንድ ሹራብ ይበቃዋል። ለትልቋ ካርታውን ስጧትና እሷ ትምራ፣ ብትሳሳትም ዝም በሏት እስከሚቀጥለው መታጠፊያ። ደግሞ "ከጠፋህ ካለህበት አትንቀሳቀስ፣ እኛ ነን የምንመጣው" የሚለውን እዛው ዛፎቹ መሃል እንደ ጨዋታ ደጋግሙት፣ ኤርፖርት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሰማው አይገባውም።

የሰዓት ልዩነት ካለ ስትደርሱ ቀን ከሆነ ደክሟቸዋል ብላችሁ ሆቴል እንዳታስተኟቸው። የሰውነትን ሰዓት በዋናነት የሚያስተካክለው የቀን ብርሃን ነው፣ ስለዚህ ቀስ እያላችሁም ቢሆን ውጪ ውጪውን በሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የለመደ ልጅ ደግሞ ይሄ አይከብደውም።

ጥያቄ፦ ልጄን ይዤ የምሄደው እኔ ብቻ ነኝ አባቱ ሥራ ስላለበት ይቀራል፣ ወረቀት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አዎ ያዢ። አባቱ የፈረመበትና በሕግ ፊት የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር በእጅ ቦርሳሽ ይሁን። አንዳንዱ አገር ጭራሽ አይጠይቅም ሌላው ድንበር ላይ ያስቆማል፣ ትራንዚት የምታደርጊበትንም አገር ሕግ አስቀድመሽ እዪ።

ጥያቄ፦ ከቤተሰቤ ጋር ኒውዚላንድ ልንሄድ ነው፣ ቤት የምንጠቀምበትን የካምፒንግ ዕቃ ይዘን መሄድ እንችላለን ወይስ እዛው እንከራይ?

መልስ፦ ድንኳኑና የመኝታ ከረጢቱ ይሄዳሉ። የጋዝ ቆርቆሮው ግን በእጅም በሚጫነውም ሻንጣ ክልክል ነው፣ ስትደርሱ ግዙ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ፣ እስከ 100 ዋት አወር ያለው ያልፋል (ላዩ ላይ 20,000 ሚሊ አምፒር አወር የሚለው 74 ዋት አወር ገደማ ነው)። ብዙ ሰው የሚረሳው ጭቃውን ነው። ኒውዚላንድ ያገለገለ የእግር ጉዞ ጫማና ድንኳን በመግቢያ ፎርሙ ላይ እንድታስመዘግቡ ትጠይቃለች፣ ከሶሉ ሥር የተጣበቀ አፈርና የሳር ፍሬ በሽታና አረም ይዞ ስለሚገባ ነው፣ ካላስመዘገባችሁ ደግሞ ቅጣት አለው። ስለዚህ ከመጨረሻው የቤት ካምፒንግ እንደተመለሳችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሶሉን ስንጥቅ ሁሉ ፈግፍጉት፣ የድንኳኑን ካስማም ጭምር፣ ከዛ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ እርጥቡን ካጣጠፋችሁት ይሸታል።