ገንዘቡ ሳይመጣ ፕላኑ ይድረስ

ውድ ልጆቼ፣

በየማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል የተቀመጣችሁ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣችሁ፣ ለመመረቅ አንድ ዓመት የቀራችሁም ጭምር፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከ30 ዓመት በላይ በከተማ ፕላን ሥራ ቆይቼ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እናንተ ሥራውን የምትረከቡት መሃል ከተማን የማደስ ነገር በየቦታው በተነሣበት ሰዓት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ፕላናችሁ ይድረስ። ፕላን ደረሰ የምለው ደግሞ መንገዱ ላይ የሚውለው ሰው ሲያውቀው ነው።

ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው።

ከተማዋን በስም አልጠራትም። መካከለኛ ከተማ ናት። መላውን ከተማ የሚያየው መዋቅራዊ ፕላኗ አሥር ዓመቱን ጨርሶ ክለሳ ላይ ነበርን። ወደ ሰፈሩ የሚወርደው፣ የመሃል ከተማው የአካባቢ ልማት ፕላን ገና አልተጀመረም። በዚህ መሃል፣ ጥር ላይ፣ ለመሠረተ ልማት የሚውል የድጋፍ ገንዘብ ተለቀቀ። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። አምስት ወር ብቻ ቀረን። ገንዘቡ ሳይሠራበት ከቀረ ከተማዋ በየዓመቱ ስትመዘን የምታገኘው ነጥብ በሚቀጥለው ዓመት ይወርዳል። ነጥብ ከወረደ ገንዘብም ይቀንሳል። ሁላችንም ሩጫ ላይ ነበርን። የሚያስፈልገውን ትተን ቶሎ የሚያልቀውን መረጥን። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለው 600 ሜትር መንገድ ኮብልስቶን ይነጠፍ ተባለ። ዲዛይኑ በሦስት ሳምንት አለቀ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ሰኔ ላይ መንገዱ አምሮ ተመረቀ። ነሐሴ ላይ ተቆፈረ። ከሥሩ ያረጀ የውሃ መስመር ነበር። ሊፈነዳ የደረሰ መሆኑን የውሃ ሠራተኞቹ ያውቁ ነበር። እኛ አልጠየቅናቸውም። ድንጋዩ ተነቅሎ ዳር ላይ ተቆለለ። ተመልሶ ሲነጠፍ እንደ ፊቱ አልገጠመም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃ ያቁር ጀመር።

ከድንጋዩ በላይ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። በመንገዱ ዳር ጉሊት የሚነግዱ ሴቶች ነበሩ። ሥራው ሲጀመር "ለጊዜው ተነሡ" ተባሉ። ሲያልቅ ቦታቸው የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ልቀመጥ ያለችውን ደንብ አስከባሪ ያነሣታል። ከወራት በኋላ አንዷን እናት ቤታቸው ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። ሽንኩርትና ቃሪያ ነበር የሚሸጡት። በሩ አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። መሃሉ በመቀመጥ ብዛት ጎድጉዶ እንደ ምጣድ ለስልሷል። "እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?" አልኳቸው። "መቀመጫዬ ነዋ፣ የኔ ልጅ። 22 ዓመት ተቀምጬበታለሁ። ከአፈሩ ጋር ሊጭኑት ሲሉ ለምኜ አስቀረሁት" አሉኝ። ሽንኩርቱን እዚያው ደጃፋቸው ዘርግተዋል። በዚያ ቅያስ የሚያልፍ ገዢ የለም። ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። እኔ የፈረምኩበት ካርታ ላይ ያ ቦታ "መንገድ" ይላል። ሌላ ምንም አይልም።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ሳልከፍት በፊት ቆጠራ እወጣ ጀመር። እናንተም ውጡ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ። በገበያ ቀንም፣ ገበያ በሌለበት ቀንም። ደብተር ያዙ። ማን የት ይቀመጣል? ሊስትሮው ለምን ያንን ጥግ መረጠ? ባጃጁ የት ያዞራል? ሽንት ቤት የሌለው ሱቅ ሠራተኛው የት ይሄዳል? ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው በየት እንደሚሄድ እዩ። በካርታ ላይ ቀጭን መስመር የሆነ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሰፈር ሊወስድ ይችላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ይሻገርበታል። ፕላን ከላሽ ወንዙን በደረቁ ጊዜ ብቻ አይቶ መሄድ የለበትም።

ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ደጃፍ ላይ የተቀመጡት ሰፊዎች ናቸው መንገዱን መንገድ ያደረጉት። የመሬት አጠቃቀም ካርታ እንዲህ ያለውን ቦታ "ንግድ" ብሎ በአንድ ቀለም ይቀባዋል። ቀለሙ ትክክል ነው። ግን ሰፊዎቹ ተነሥተው ባለ አራት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ቢገባበትም ቀለሙ ያው ነው። ስለዚህ ከካርታው ጋር የሚሄደው ማብራሪያ ላይ ጻፉት። እዚህ ምን አለ፣ ምኑ እንዲቆይ እንፈልጋለን፣ ለምን። ማብራሪያውን ማንም አያነበውም የሚሏችሁ ይኖራሉ። አትስሟቸው። ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ የሚገለጠው እሱ ነው።

መሃል ከተማው ለምን እንዳረጀም እወቁ። ጣራው ዝጎ፣ ግድግዳው ጎብጦ ስታዩ የነዋሪው ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት ወደ ቀበሌ ሄደ። ኪራዩ ዝቅ ብሎ እዚያው ቆመ። በዚያ ኪራይ ቀበሌው ቤት ሊያድስ አይችልም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ሲኖር ምን ይሆናል? የእድሳት ገንዘብ ሲመጣ ግን የሚሄደው ወደ መንገዱ ነው። ፊት ለፊቱ ይነጠፋል፣ መብራት ይተከላል፣ ከኋላ ያለው የቀበሌ ቤት እንዳለ ይቀራል። ወይም ይፈርሳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ መኖሩን ፕላናችሁ መናገር አለበት። ተከራዩ ራሱ የሚጠግንበት ውል፣ በአንድ ግቢ ያሉ አባወራዎች ተባብረው የሚሠሩት ሽንት ቤትና ማድ ቤት፣ እንደየቤቱ ሁኔታ። ይህ አድካሚ ሥራ ነው። ቤት በቤት መሄድ ይፈልጋል። የመሃል ከተማ ክለሳ ዋናው ሥራ ግን እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የድሮ ፕላኖችን አንብቡ። ብዙ ወጣት ባለሙያ ክለሳ ማለት አዲስ መሳል ይመስለዋል። አዲስ አበባን ብትወስዱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሥላለች፣ ከነጻነት በኋላ በእንግሊዞችና በፈረንሳዮች ተሥላለች፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከጣሊያን ባለሙያዎች ጋር ማስተር ፕላን ተሠርቶላታል፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለክለሳ ብቻ በተቋቋመ ጽሕፈት ቤት ታይታለች፣ አሁን ያለው መዋቅራዊ ፕላን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2027 ነው። የሚቀጥለው በእናንተ እጅ ይወድቃል። የእናንተም ከተማ ቢያንስ ሁለት ሦስት አሮጌ ካርታ መዝገብ ቤት ውስጥ አላት። አውጡና አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋችሁ እዩ። በሦስቱም ላይ የተሠመረ፣ አንድም ቀን ያልተከፈተ መንገድ ታገኛላችሁ። በዚያ መስመር ላይ ቤት ያለው ሰው ሊያድስ ሲጠይቅ "ፕላን ይነካዋል" እየተባለ ኖሯል። ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት። አባትየው ሞቶ ልጁ ተመሳሳይ መልስ ሰምቷል። መንገዱ ካልተከፈተና የሚከፍተው ገንዘብ በዓይን ካልታየ መስመሩን አንሡት። በክለሳ ከምትሠሩት ደግ ሥራ አንዱ ይህ ነው፤ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም፣ ተምራችሁታል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላንንና የአካባቢ ልማት ፕላንን ለይቶ አስቀምጧል። የመጀመሪያው መላውን ከተማ ያያል። ሁለተኛው ወደ ሰፈሩ ይወርዳል። የእኛ ጥፋት ከመጀመሪያው በቀጥታ ወደ ኮንትራክተር መዝለላችን ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ባንክ ድጋፍ የከተሞች ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የገቡት ከተሞች ጥቂት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለተኛው ዙር 44 ከተሞችን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው ተከታዩ የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም (ዩ.አይ.አይ.ዲ.ፒ) 117 ደረሰ። አሠራሩን በደንብ እወቁት፤ ሌሎች ድጋፎችም ወደዚያው ያዘነብላሉ። ከተማው በየዓመቱ በገለልተኛ ገምጋሚ ይመዘን ነበር። ሒሳቡን በወቅቱ ዘግቷል ወይ? ኦዲቱ እንዴት ነው? የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ ማለትም የሚገነቡ ሥራዎች ከነበጀታቸው የተዘረዘሩበት ዕቅድ፣ አለው ወይ? የግዥ ዕቅዱስ? ለሚነሡ ሰዎችና ለአካባቢ ጥበቃ ያደረገው ዝግጅት አለ ወይ? ዝቅተኛውን መስፈርት ያላሟላ አያገኝም ነበር፤ ያሟላው በነጥቡ ልክ ያገኝ ነበር።

ይህን አሠራር የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። እኔ አከብረዋለሁ። ለዓመታት ሒሳብ ሳይዘጉ የኖሩ ማዘጋጃ ቤቶች በዚህ ምክንያት ሒሳባቸውን ሲዘጉ አይቻለሁ። ግን ነጥቡ የሚቆጥረው ወረቀትና የተሠራ ኪሎ ሜትር ነው። የእማማን ድንጋይ አይቆጥርም። እሱን የምትቆጥሩት እናንተ ናችሁ፤ መቁጠር ያለባችሁም ገንዘብ በሌለበት፣ ማንም በማይጣደፍበት ጊዜ ነው።

እንዲህ አድርጉ። የመሃል ከተማውን ሥራ በትንንሽ ቁርጥ አዘጋጁት። አንድ ቦይ፣ አንድ ቅያስ፣ አንድ የጉሊት መደብ ከነጥላው፣ አንድ የሕዝብ ሽንት ቤት። ለእያንዳንዱ ሥዕል፣ ግምታዊ ዋጋ፣ ከሥሩ የሚያልፉት የውሃ፣ የመብራትና የቴሌ መስመሮች ዝርዝር፣ ከሦስቱም መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ፣ እዚያ የሚውሉ ሰዎች ዝርዝርና ሥራው ሲሠራ የት እንደሚቆዩ። ይህን ሁሉ በካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅዱ ውስጥ አስገቡና መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ጥር ላይ ገንዘብ ሲለቀቅ መሳቢያውን ትከፍታላችሁ። አምስት ወር ለአንድ ቦይ ይበቃል። ለማሰብ ግን አይበቃም።

ውይይት ላይም አንድ ነገር ልበል። ሕዝቡን አወያየን የምንለው አዳራሽ ውስጥ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ውሃ አድለን፣ ስም አስፈርመን ነው። በ3 ሰዓት ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ አይመጣም። ጉሊት የምትቸረችር ሴት የዕለት ጉርሷን ጥላ አትመጣም። የሚመጣው ሁልጊዜ የሚመጣው ሰው ነው። ካርታውን ይዛችሁ እናንተ ሂዱ። ገበያው ሲበተን፣ እዚያው ዕቃ ማራገፊያው ላይ ዘርጉት። ሰው በካርታ ላይ ቤቱን መፈለግ ይወዳል። ጣቱን አሳርፎ "ይቺ የኔ ናት" ሲል መናገር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፉበት ወረቀት አይበቃችሁም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ፣ ኋላም በሌሎች ከተሞች የተካሄደውን የኮሪደር ልማት አይታችኋል። እግረኛ ሰፊ መሄጃ አግኝቷል፣ ብስክሌት መንገድ አግኝቷል። ለእግረኛ ስንከራከር የኖርን ሰዎች ይህን ስናይ ደስ ይለናል። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ግን አልቅሻለሁ። የኖረ ጉርብትና፣ በዱቤ የሚሰጥ ሱቅ፣ የሚተዋወቅ ደንበኛ በአንድ ሰፈር ሲበተን ሌላ ቦታ አንሥቶ መትከል አይቻልም። የካሳ ሕጉ የሚጀምረው ከባለይዞታ ነው። ይዞታ የሌለው፣ በሰው ደጃፍ የሚሠራው፣ መዝገብ ላይ የለም። እናንተ ካልጻፋችሁት ማን ይጽፈዋል?

አለቃ "ዛሬ ፈርም" ሲላችሁ አይሆንም ማለት ከባድ ነው። እኔም አላልኩም። ቢያንስ "ሦስት ቀን ስጡኝ" በሉ። በሦስት ቀን የውሃ ሠራተኛውን መጠየቅ ይቻላል። መንገዱን በእግር መሄድ ይቻላል። ካልሰጧችሁ ያልታየውን ነገር በጽሑፍ አስቀምጡና ከፋይሉ ጋር አያይዙት።

ያቺ ከተማ በኋላ የአካባቢ ልማት ፕላኗን ሠራች። ሁለት ዓመት ፈጀብን። በሚቀጥለው ዙር በመጣው ገንዘብ ቦዩ እንደገና ተሠራ። ከገበያው አጥር ሥር ለጉሊት ነጋዴዎች ጥላ ያለው መደብ ተሠራላቸው። እማማ ድንጋያቸውን ይዘው ተመለሱ። መደቡ ሲሚንቶ ነው፤ ድንጋዩን ከላዩ አድርገው ይቀመጡበት ነበር። አሁን ልጃቸው ናት ያለችው።

ባለፈው ጥር ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው በእግሬ ሄድኩ። ከቦዩ ክዳን ሁለቱ ተሰብረዋል፤ አንዱ ላይ ሰው እንዳይገባበት ቅርንጫፍ ተተክሏል። ማዘጋጃ ቤት ገብቼ የፕላን ክፍሉን ልጅ ጠየቅኩት። ወጣት ነው፣ ከእናንተ እኩያ። የጥገና በጀቱን ከፍቶ አሳየኝ። የቦይ ክዳን፣ 14፣ መጋቢት። ክዳን የተሰበረበትን ቦታ ሁሉ ራሱ እየዞረ ቆጥሮት ነበር።