«የጥራት ክፍሉን ያዢ» ብለውኛል፤ ልያዝ?

ጥያቄ፦ «አራዳ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ኃላፊው የጥራት ማሻሻያ ክፍሉን ያዢ አሉኝ። ጓደኞቼ ‹ከታካሚ አርቀው ሪፖርት ጸሐፊ ሊያደርጉሽ ነው› ይላሉ። ሙያዬን ይጎዳዋል?»

እህቴ፣ የጓደኞችሽ ስጋት ይገባኛል። የጥራት ክፍል ማለት ሱፐርቪዥን ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ፋይል የሆነበት ቦታ አለ። እንዲህ ያለው ቦታ ሙያሽን ያዝገዋል፤ አልደብቅሽም። ሥራው ግን አገልግሎቱ የሚጓተትበትን ቦታ ፈልጎ ማስተካከል ነው፤ በትክክል ከተሠራ ከነርስ የተሻለ የሚመጥነው ሰው የለም። አገልግሎቱ የት ላይ እንደሚንገዳገድ የምታውቀው ወረፋውን በየቀኑ የምታየው ናት።

ልያዘው ካልሽ በስብሰባ አትጀምሪ። ካርድ ክፍል ሂጂ። ጠዋት ልጅ አዝላ ለመጣች እናት ቁራጭ ወረቀት ስጫትና በደረሰችበት ሁሉ ሰዓት ይጻፍላት። ለምሳሌ መጣች 2:10፣ ካርዷ ተገኘ 3:25፣ ሐኪም አያት 3:40፣ የላብራቶሪ ውጤት 4:20፣ መድኃኒት 4:35። ሁሉም «ሐኪም አነሰ» ይላል፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን ከግማሽ በላይ ጊዜዋን የበላው ካርድ ፍለጋ ነው። አስር ሰው ላይ ድገሚውና የጤና ጣቢያሽ ማነቆ የቱ እንደሆነ ይታይሻል።

ከዚያ ትንሽ ለውጥ ሞክሪ። የነገ ቀጠሮ ያላቸውን ሰዎች ካርድ ዛሬ ከሰዓት አስወጥቶ ማዘጋጀት ይሆናል። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ክፍል ብቻ። ከሠራ ለሳምንት አስፊው። ካልሠራ ለምን እንዳልሠራ የካርድ ክፍል ሠራተኞቹን ጠይቂ። እነሱ ያላመኑበት ለውጥ አንቺ ዓመት ፈቃድ የወጣሽ ዕለት ይቆማል። ማቀድ፣ መሞከር፣ ውጤቱን ማጥናት፣ ከዚያ መወሰን የሚባለው ዑደት ይኸው ነው። መነሻው የአሜሪካኖቹ የዋልተር ሼዋርትና የኤድዋርድስ ዴሚንግ ሥራ ነው፤ ከፋብሪካ ተነስቶ ሆስፒታል ገባ። ካይዘን የሚባለውን፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ የሠለጠነ ባልደረባ ካለሽ ቶሎ ይግባባሻል።

የጥበቃውን ሰዓት በየቀኑ ነጥብ እያደረግሽ ግራፍ ላይ አኑሪ። የወሩ አማካይ ብቻውን ያታልላል። ነጥቦቹ ግን ለውጡ መቼ እንደጀመረ፣ ጸንቶ እንደቆየም ያሳያሉ።

አንድ ነገር አደራ። በቁጥሩ ምክንያት ማንም እንዳይቀጣ ተከላከይ። ሠራተኛ አንዴ ከተቀጣ በሚቀጥለው ወር ሰዓቱ የሚያጥረው ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ እናትየዋ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ናት።

የሥራ ዕድሉን በተመለከተ አትስጊ። በአገራችን ሆስፒታሎች እርስ በርስ የሚማማሩበት የጥራት ጥምረት በ2012 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። ጤና ሚኒስቴርም ከ2016 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የተሠራበት ብሔራዊ የጥራት ስትራቴጂ ነበረው። ሆስፒታሎች፣ ጤና ቢሮውና አጋር ድርጅቶች ይህን ሙያ ያውቁታል። ማስተርስ ካሰብሽ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ቅርብሽ ነው፤ ግን አትቸኩይ። መጀመሪያ አንድ ሥራ ከዳር አድርሺ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ሥልጠና ወስጃለሁ» የሚል ሞልቷል። «ካርድ ፍለጋው ይህን ያህል ነበር፣ ይህን ሞከርን፣ እዚህ ላይ ወደቀብን፣ እንዲህ አስተካከልነው» ብሎ ግራፉን የሚዘረጋ ግን ጥቂት ነው።

እሺ ከማለትሽ በፊት ኃላፊውን ሁለት ነገር ጠይቂ። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሕክምና ላይ እንድትመደቢና በየወሩ የማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ውጤትሽን እንድታቀርቢ። ሁለቱም ምደባ ደብዳቤው ላይ ይስፈሩ፤ በቃል የተባለ ነገር ኃላፊ ሲቀየር ይረሳል። የሙያ ፈቃድ ሲታደስ ተከታታይ ሥልጠና ስለሚጠየቅ፣ የምትወስጃቸውን የጥራት ሥልጠናዎች እውቅና ካለው ሰጪ ውሰጂና ሰርተፍኬቱን አስቀምጪ። ሁለቱንም ጥያቄ እምቢ ካሉሽ ሥራውን አትቀበዪ። የሰዓት ወረቀቱን ግን አሁን በምትሠሪበት ክፍል ሰኞ ጀምሪው።