ማይኩን ተወውና ጨርቅ አምጣ

ስለ ድራም የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተጠራቅመው አሳፈሩኝ። ዞረው ዞረው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የድሮ የአሜሪካ ሶል ሙዚቃዎች ላይ ያለው አጭር፣ ወፍራምና ደረቅ የድራም ድምፅ እንዴት ይመጣል? ዛሬ የቻልኩትን ያህል ላቃልል።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ 8 ማይክ ደርድሮ ነው ድራም የሚቀዳው። ድምፁ ግን የሮክ ኮንሰርት እየሆነ አስቸግሮታል። ዘጠነኛ ልግዛ ወይ ይላል።

መልስ፦ አትግዛ። እንዲያውም 6ቱን ንቀል።

ሜምፊስ የነበረውን የስታክስ ስቱዲዮ አስበው። ቤቱ ቀድሞ ሲኒማ ነበር፤ ወለሉ ቁልቁል እንዳዘቀዘቀ ነው ስቱዲዮ የሆነው። ሙዚቀኞቹ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይጫወታሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚቀዳውም በቀጥታ ወደ ሞኖ፣ ማለትም ሁሉም ድምፅ ባንድ ላይ ተቀላቅሎ ነበር። «ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) በኋላ ከፍ አደርገዋለሁ» የሚባል ነገር የለማ! ሚክሱ (የድምፆቹ ሚዛን) ያለው ድራመሩ እጅና እግር ላይ ነው።

የስታክሱን ድራመር አል ጃክሰን ጁኒየርን ስማው። ስኔሩን (በዱላ የሚመታውን ዋናውን ትንሽ ከበሮ) ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል ጉልበት ይመታል። ሃይ-ሃቱ (ጥንዱ የነሐስ ሳህን፣ ሲምባል) ከኋላ ሆኖ ሹክ ይላል። የዛሬ ድራመር ግን (አንተም ጭምር፣ አትቀየመኝ) ሲምባሉን እንደ ደመኛው ነው የሚቀጠቅጠው። ከዚያ ስኔሩን ከፍ ባደረግክ ቁጥር ሃይ-ሃቱም አብሮ ይወጣል። ይሄኔ ነው «ማይክ አነሰኝ» የሚባለው።

እስቲ ራስህን ፈትን። ስልክህን ከድራሙ 2 ሜትር ራቅ አድርገህ አስቀምጥና አንድ ደቂቃ ቅዳ። ሃይ-ሃቱ ስኔሩን ከዋጠው ችግሩ አንተ ነህ። ሃይ-ሃቱን በዱላው ጫፍ ብቻ ንካው፣ ስኔሩን ጠንከር አድርግ፣ እንደገና ቅዳ። ስልኩ ላይ ሚዛኑ እስኪመጣ ሌላ ዕቃ አትንካ።

ከዚያ አንድ ማይክ ከስኔሩ በላይ ሜትር ገደማ ከፍ አድርገህ ስቀል፣ ሁለተኛውን ከኪኩ ፊት አድርግ። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ የሚጓዘው 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የኪኩ ድምፅ ሁለቱ ማይኮች ጋ እኩል አይደርስም፤ አንዱ የሌላውን ቤዝ ሊበላው ይችላል። የአንዱን ማይክ ሞገድ የሚገለብጠውን፣ ፌዝ የሚባለውን ቁልፍ ተጫነው፣ ልቀቀው፣ ድምፁ የወፈረበት ላይ ተወው። ስሙ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ፤ እኔ ላይ አንድ ሙሉ ቀን አፊዞብኛል። ኪኩ ቀጠነብኝ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ኢኪው (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያውን) ሳዞር ዋልኩ። ማታ ክርኔ ሳላስበው ቁልፉን ነካው። ኪኩ መጣ።

ጥያቄ፦ የኪኩን የፊት ቆዳ ልብሳው?

መልስ፦ አትብሳው። ከተበሳ በኋላ አይሰፋም።

ጥያቄ፦ አንዲት ድራመር ስኔሯ እንደ ደወል እየጮኸ እንዳስመረራት ጽፋለች። ቆዳውን በሙሉ በፕላስተር ልትለጥፈው ነው።

መልስ፦ ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ የትኛውን ሶል ነው የፈለግሽው? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የዲትሮይቱ ሙዚቃ ቤት የሞታውን ስኔር ከፍ ብሎ የተቃኘ ነው፤ ብዙ ጊዜም ታምቡሪን ይደረብበታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፕሮዲውሰሩ ዊሊ ሚቸል ሜምፊስ ውስጥ፣ ሮያል ስቱዲዮ፣ ለዘፋኙ አል ግሪን የቀዳው ደግሞ ዝቅ ያለና የታፈነ ነው። ሁለቱን ባንድ ቅኝት አታገኚያቸውም።

ለሁለቱም ግን ነጭ፣ ሻካራ ቅብ ያለው ባለ አንድ ንብርብር ቆዳ ይሁንልሽ። ብሎኖቹን መጀመሪያ በጣትሽ፣ ከዚያ በቁልፍ ትይዩ ትይዩውን እያደረግሽ አጥብቂ። ከእያንዳንዱ ብሎን 3 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለሽ ነካ ነካ አድርጊና ድምፃቸው እኩል እስኪሆን አስተካክይ። የታችኛው ቆዳ ከላይኛው ጠበቅ ይበል። አሁንም ከጮኸ ወደ አንቺ ያለውን አንድ ብሎን ላላ አድርጊው። ካልበቃ የታጠፈ ጨርቅ ዳር ላይ ጣል አድርጊ። ጃክሰን የኪስ ቦርሳውን ስኔሩ ላይ ያስቀምጥ ነበር ይባላል። ፕላስተሩን ለሌላ ጊዜ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ለድሮ ድምፅ የትኛው ፕላግኢን (የኮምፒውተር የድምፅ ማቀነባበሪያ) ይሻላል?

መልስ፦ የሚሸጡትን ጠይቅ። እኔ ጨርቅ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ሌላ አንባቢ ያረጀ ባለ ቱቦ ቴፕ መቅረጫ አግኝቷል፤ ከፍቶ ሊያጸዳው ነው።

መልስ፦ እንዳትከፍተው። ከሶኬት ነቅለኸውም ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። የቱቦ ዕቃ የሚያውቅ ቴክኒሻን ጋ ውሰደው። ቴፑ የሚጨምረው ሙቀት ደስ ይላል፣ ግን የምትሞትለት አይደለም።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ደብዳቤ ረጅም ነው፤ ስለ ክፍል፣ ስለ ምንጣፍ፣ ስለ ማይክ ርቀት። መሃል ላይ «ጆሮዬ ከጮኸ 3 ሳምንት ሆነው፣ ግን እሱ ችግር የለውም» የሚል አንድ መስመር አለ።

መልስ፦ ችግር አለው እንጂ! ለሥራ ቦታ ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ 85 ዴሲቤልን በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ የሚቀርህ 15 ደቂቃ ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚመታ ስኔር ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ልምምዱን አቁምና በዚህ ሳምንት የጆሮ ሐኪም ጋ ሂድ። ስትመለስ የጆሮ መከላከያ ይኑርህ። የምንጣፉን ጥያቄ አስቀምጬልሃለሁ፤ ታይተህ እስክትጽፍልኝ ግን አልመልሰውም።