ስትሮክ የመታት እናቴ መንዙማ ብታዳምጥ ይጠቅማታል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎት። እናቴ 58 አመቷ ነው፣ ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መቷት ቀኝ እጇ ደከመ፣ የምንላትን ትሰማለች ግን ቃሉ አልወጣ ይላታል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤት መንዙማ ሲከፈት አዝማቹን ከነግጥሙ አብራ አለችው! ወንድሜ ግን ጭንቅላቷ ይረፍ ብሎ አዘጋው። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ያየሽው ነገር የታወቀ ነው። ንግግር በአብዛኛው ሰው ላይ የሚመራው በግራው የአንጎል ክፍል ነው፣ የእናትሽ ቀኝ እጅ የደከመውም ግራው ስለተጎዳ ነው፣ ዜማ ላይ ግን ቀኙም ግራውም ስለሚሰራ "ውሃ ስጡኝ" ማለት ያቃተው ሰው ሙሉ ስንኝ ሊያወጣ ይችላል።

ማዳመጡ ብቻውንም ይጠቅማል። በ2008 እ.ኤ.አ የወጣ የፊንላንድ ጥናት አለ፣ 60 የስትሮክ ታማሚዎች ላይ የተሰራ፣ ራሳቸው የመረጡትን ሙዚቃ ለሁለት ወር በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰአት የሰሙት ቃል በማስታወስና ትኩረት በመሰብሰብ ካልሰሙት በልጠው ተገኙ፣ ድብርቱም ቀለል ብሏቸዋል። አንድ ሰአት ማለት እኛ ጋ ከአቦል እስከ በረካ ነው፣ እዛው ቡናው ላይ ክፈቱላቸው። ዋናው ምርጫው የራሳቸው መሆኑ ነው፣ መንዙማ ከሆነ መንዙማ፣ አምባሰል ከሆነ አምባሰል።

ከዛ አብራችሁ በሉ። መንዙማ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፣ አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል፣ አንቺ ቀስ ብለሽ አውጪ እሳቸው ይቀበሉ፣ ደህና የሆነውን ግራ እጃቸውን በምቱ ልክ መታ መታ እያረግሽ። ሲለምዱት በዛው ዜማ "ውሃ ስጡኝ"፣ "ደክሞኛል" የሚሉትን የየቀን ቃላት አስገቢበት፣ ቀስ በቀስ ዜማውን እየቀነሳችሁ ወደ ንግግር ታመጡታላችሁ። ትዕግስት ይፈልጋል፣ ቃሉ ሲዘገይ ቀድመሽ አትጨርሽላቸው።

ወንድምሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ቀኑን ሙሉ ቲቪና ቴፕ ሲጮህ ይደክማቸዋል፣ ስታወሯቸው ደግሞ ከጀርባ ድምፅ ካለ ቃል መለየት ይከብዳቸዋልና ያኔ ዝጉት።

ትዝታ ሰምተው ቢያለቅሱ አትደንግጪ፣ ከስትሮክ በኋላ እንባ ቅርብ ነው። ግን ከ3 የስትሮክ ታማሚ 1ዱ ገደማ ድብርት ይይዘዋል፣ ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያህል ምግብ ካስጠላቸው፣ እንቅልፍ ካጡ፣ ሰው ማየት ካልፈለጉ ለሀኪማቸው ንገሪ፣ መድሀኒት አለው።

የደም ግፊት ክኒኑና ፊዚዮቴራፒው ግን በምንም እንዳይቋረጥ፣ ዜማው ከነሱ ጋር ነው እንጂ በነሱ ፋንታ አይደለም። ፊታቸው ድንገት ከተጣመመ ወይ አንደበታቸው ካለበት ከባሰ ነገ እናያለን ሳትሉ በዛች ሰአት ሆስፒታል ውሰዷቸው።