የትኛው ቀለም ከማለታችሁ በፊት ስንት እጅ በሉ

ልጆች፣ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ፤ "ጋሼ፣ የቀለም ሐሳብ ከየት ይመጣል?" ሎጎ የምትሠሩ አላችሁ፣ ጥለት የምታወጡ አላችሁ፣ ካፌና ሱቅ የምታስውቡ፣ የሠርግ ካርድ የምትነድፉ አላችሁ። እኔ በዚህ ሥራ ያረጀሁት ማስታወቂያ በብሩሽ ከሚጻፍበት ዘመን ጀምሮ ነው። አሁን ባነሩ ሁሉ በማሽን ይታተማል፣ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፍላችሁ።

አብዛኞቻችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ስልካችሁ ነው። ፒንተረስት ላይ አምስት ቀለም በተርታ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ያምራል። ኮዱን ትወስዳላችሁ፣ ሥራችሁ ላይ ታውሉታላችሁ፣ ከዚያ ያ ቆንጆ የነበረ ነገር ወይ ይጮህባችኋል ወይ ይደበዝዝባችኋል። ዓይናችሁ ምንም አልሆነም። እነዚያ አምስቱ እኩል እኩል ተቆርጠው ነው የተደረደሩት፤ እናንተ የምትወዱት ቀለም ግን በምታውቁት ቦታ ሁሉ እኩል ሆኖ አያውቅም። አንዱ ሰፊ ነው፣ አንዱ ጠባብ ነው፣ አንዱ ጠብታ ብቻ ነው። "የትኛው ቀለም?" ከማለታችሁ በፊት "ስንት እጅ? ከማን አጠገብ?" በሉ። ከዚህ የበለጠ የምመክራችሁ ነገር የለኝም።

ከቤት ጀምሩ። የእናታችሁን ነጠላ ዘርጉት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነው፣ ቀለሙ ያለው ጥለቱ ላይ ብቻ ነው። ያ ቀጭን ጥለት ከመንገድ ማዶ የሚታየው ነጩ ስለሰፋለት ነው። ጃኖውን ደግሞ አስቡት። ቀዩ ሰፋ ሲል ወዲያው ሌላ ግርማ ይመጣል። ያው ነጭ፣ ያው ቀይ፣ ልኩ ብቻ ነው የተለወጠው። ቦታውም ይናገራል፤ ሐዘን ላይ ያለች ሴት ያንኑ ነጠላ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ስትለብሰው፣ የሚያይ ሁሉ ሳይነገረው ይገባዋል።

የብራና መጻሕፍት የማየት ዕድል ያገኛችሁም እንዲሁ እዩ። ጽሑፉ ጥቁር ነው። ቀዩን የሚያወጡት ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችን፣ ለቅዱሳን ስም ነው። ገጹን ገና ሳታነቡት ዓይናችሁ የት ማረፍ እንዳለበት ያውቃል። ዛሬ አፕሊኬሽን ስትሠሩ አንዷን ቁልፍ ብቻ ቀይ የምታደርጉት በዚሁ ምክንያት ነው። ቀይ እንደ በርበሬ ነው፤ ያለ ልክ ከጨመራችሁት ሌላው ሁሉ ጣዕሙ ይጠፋል።

አሁን ጎንደር ወዳለው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ይገባል፣ ወደ ጣሪያው ቀና ይላል፣ "ወይ ግሩም!" ይላል፣ ይወጣል። ጎንደር ተወልደን ያደግነውም እንደዚያ ነን፣ ስለለመድነው አናየውም። እናንተ ግን ጥግ ይዛችሁ ቁሙና አንድ ረድፍ ብቻ ምረጡ። የመላእክቱ ፊት በመጀመሪያ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል። ቆይታችሁ ስታዩ የዓይኑ አቅጣጫ፣ የፊቱ ገጽታ፣ የአፉ አኳኋን ይለያያል። የተጠቀሙበት ቀለም ግን ጥቂት ነው። ሞቃቱ ወገን፣ ቀዩና ቢጫው ቡናማው፣ ያመዝናል። ቀዝቃዛው እየመጣ ያሳርፋችኋል። ጥቁሩ መስመር ደግሞ ቀለሙ ከቀለም ጋር እንዳይጣላ መሀል ገብቶ ይለያቸዋል። ይህንን መስመር ልብ በሉልኝ። ሁለት ደማቅ ቀለም አጠገብ ለአጠገብ አልስማማ ካሏችሁ፣ አንዱን ከመቀየራችሁ በፊት መሀላቸው ቀጭን ጥቁር ወይም ነጭ መስመር ሞክሩ። ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል።

"ፍላት ይሻላል ወይስ ግራዲየንት?" ማለትም ወጥ ቀለም ወይስ ቀስ እያለ የሚሸጋገር ቀለም እያላችሁ ስትከራከሩ ደግሞ እሰማለሁ። ይህ ክርክር ጎንደር ላይ አዲስ አይደለም። የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች የጎንደርን ሥዕል በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የደረጀው ነው፤ ቀለሙ ወጥ ነው፣ ደማቅ ነው፣ ጥላ የለውም፣ የልብሱ እጥፋት በመስመር ነው የሚታየው። ሁለተኛው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ያበበው ነው፤ ፊት ላይ ጥላና ብርሃን ይመጣል፣ መደቡ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሸጋገራል፣ ልብሱ ላይ አበባና ጥልፍ ይበዛል። ጣና ላይ ደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን ብታዩ፣ እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሁለቱንም መንገድ እወዳለሁ። ከሩቅ የሚነበብ ነገር ስትሠሩ የመጀመሪያውን አጥኑ፤ ሰው እጁ ላይ ይዞ የሚያየው ነገር ከሆነ ሁለተኛውን አጥኑ። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አንሥተው የወሰዷቸው ሥዕሎች ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የጎንደር ልጅ የአባቶቹን ቀለም ለማየት ቪዛ መጠየቅ አልነበረበትም።

ግንቡን በአጭሩ ልለፈው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። የፋሲል ግንብ አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ የበሩና የመስኮቱ ዙሪያ ግን ቀላ ያለ ድንጋይ ነው። ጥቂት ቅላት መስኮቱን ከግድግዳው አወጣው። ክረምት ላይ ዝናብ ከመታው በኋላ ሂዱ፣ ከዚያ ጥር ላይ ተመለሱ። ርጥቡ ድንጋይና ደረቁ ድንጋይ አንድ ቀለም አይደሉም። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ የቀትር ፀሐይዋ ቀለም ታነጣለች። ቀለም ልታዩ ከሆነ በጠዋት ወይም ወደ ማታ ውጡ።

ተፈጥሮም ልክ ያውቃል። ደባርቅ አልፋችሁ ስሜን ተራሮች ስትገቡ ጭላዳውን ታገኙታላችሁ። ጠጉሩ ሁሉ ቡናማ ነው፣ ደረቱ ላይ ግን ቀይ ቆዳ አለ። ስፋቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ ዓይናችሁ ግን ሌላ ቦታ አይሄድም። ያ ቅላት ለጌጥ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሴቶቹን የያዘው መሪ ወንድ ደረቱ ከሌሎቹ ወንዶች ይቀላል። እዚያው ገደል ጫፍ ላይ ቆማችሁ ተራራዎቹን ደግሞ እዩ። የቅርቡ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ የሚቀጥለው ገረጣ ብሎ ሰማያዊ ይሆናል፣ የመጨረሻው ከሰማዩ ጋር ሊቀላቀል ምንም አይቀረው። መሀል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚበትነው ነው። ፖስተር ላይ ርቀት ማሳየት ስትፈልጉ ይህንኑ አድርጉ፤ የሩቁን አሳንሱት ብቻ ሳይሆን አገርጡት፣ ወደ ሰማያዊ ውሰዱት።

ስሜን ድረስ መሄጃ ከሌላችሁ ደንቢያ ቅርብ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ዋልካው መሬት ላይ ሽንብራው ሲበቅል እዩት። ያ አዲስ አረንጓዴ እንደዚያ የሚያበራው ሥሩ ጥቁር አፈር ስላለ ነው። ቀዩ አፈር ላይ ብታዩት ሌላ አረንጓዴ ነው የሚመስላችሁ።

እንዴት ይሆናል? እዚህ ላይ ነው የጉዳዩ ዋና ነገር ያለው። ፓሪስ ውስጥ ጎብለን የሚባል ትልቅ የመጋረጃና የምንጣፍ ሽመና ቤት አለ። ሚሼል ዩጂን ሸቭረል የሚባል ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1824 የቀለም መንከሪያው ክፍል ኃላፊ ሆኖ እዚያ ገባ። ሸማኔዎቹ ክሱን ይዘው መጡ፤ "ጥቁሩ ክር ደካማ ነው፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ላይ ስናስገባው ኃይል የለውም" አሉት። ክሩን ከሌላ ቦታ ከመጣ ጥቁር ክር ጋር አወዳደረው። ክሩ ምንም አልጎደለውም። ጥቁሩን ያደከሙት ጎረቤቶቹ ነበሩ። አንዱ ቀለም አጠገቡ ያለውን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል፤ ቀይ ጎረቤቱን ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ጎረቤቱን ወደ ብርቱካን። ይህንን ሲያጠና ቆይቶ በ1839 አሳተመው፣ ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ተማሩበት።

እኛ አገር ይህን የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ፓሪስ መሄድ አያስፈልግም። ቅዳሜ ገበያ ወርዳችሁ ስፌት የምትሰፋ እናት ፈልጉ። ሰላም በሉ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ቁጭ በሉ። ውስጡ ስንደዶ ነው፣ ላዩን የሚጠመጠመው አክርማ ነው፣ የተነከረው ደግሞ አለላው። እጇን እዩ። አዲሱን አለላ ከመጠምጠሟ በፊት ካለቀው ረድፍ አጠገብ ታስጠጋዋለች። ታየዋለች። ትመልሰውና ሌላ ታነሣለች። እቅፏ ውስጥ ካለው ክምር ላይ ቆንጆውን ለብቻው ስትመርጥ አታዩዋትም፣ ሁልጊዜ ከረድፉ ጋር ነው የምትመዝነው። እንዲያው ንድፏን ወስዳችሁ ሥራ ላይ የምታውሉት ከሆነ ደግሞ ንገሯት፣ ክፈሏት፣ ከማን እንደተማራችሁም ለደንበኛችሁ ተናገሩ። የእሷ ጥበብ "ነፃ ምስል" አይደለም።

ቤት ስትመለሱ ይህንን ሞክሩ። ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ሁለት ትናንሽ ካሬ ቁረጡ፣ ከአንዱ ወረቀት፣ ጎን ለጎን። አንዱን ደማቅ ቀይ ጨርቅ መሀል፣ ሌላውን ደማቅ አረንጓዴ ጨርቅ መሀል አስቀምጡ። ጥቂት ቆይታችሁ እዩ። ቀዩ ላይ ያለው ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፣ አረንጓዴው ላይ ያለው ይቀላል። ጥቁርና ነጭ ላይ ስታዛውሯቸው ደግሞ አንዱ ይነጣል፣ አንዱ ይጠቁራል። በገዛ እጃችሁ ቆርጣችሁት እንኳ አንድ ወረቀት ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። ጓደኛ ጠርታችሁ አሳዩት። ይህንን አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው ቀለም ለብቻው ነጥሎ መምረጥ ይተዋል።

ስለ ስልክ ካሜራም አንድ ነገር ልበል። ፎቶ ማንሣታችሁን አልቃወምም፣ እኔም አነሣለሁ። ግን ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ያስተካክላል፣ የማታዋን ወርቃማ ፀሐይ "ተሳስታለች" ብሎ ያነጣታል። ቤታችሁ ገብታችሁ በከለር ፒከር የምታነሡት ቀለም እዚያ ቆማችሁ ያያችሁት አይደለም። ስለዚህ ደብተር ያዙ። ውብ ማሥመር አያስፈልግም። አንድ ረዥም ሳጥን ሥሩ፣ እያንዳንዱን ቀለም በያዘው ልክ ከፋፍሉት። ደንቢያን ስታዩ ሰፊ ጥቁር፣ መካከለኛ አረንጓዴ፣ ከላይ ቀጭን ሰማይ። ነጠላውን ስታዩ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ፣ ዳር ላይ ክር የምታህል ቀለም። የቀለሙን ስም በምትጠሩበት ስም ጻፉት፤ ሽሮ መልክ፣ የኑግ አበባ፣ ርጥብ ድንጋይ። ኮድ በኋላ ይመጣል።

ኅትመትን አትርሱ። ስክሪን ብርሃን ነው፣ ወረቀት ቀለም ነው። ስልካችሁ ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ ባነር ላይ እንደዚያው አይወጣም፣ ማሽኑ ያንን ማድረግ አይችልም። ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት ትንሽ ቁራጭ አሳትሙና የሚሰቀልበት ቦታ ይዛችሁ ሂዱ። ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ቢጫማ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ምልክትና ጥቁር ድንጋይ ላይ የሚሰቀል ምልክት አንድ ቀለም ቢሆኑም አንድ አይመስሉም።

ደንበኛው ደግሞ ይመጣል። "ድምቅ ይበል፣ ሁሉም ቀለም ይግባበት፣ ባዶ ቦታ አይኑር፣ ከፍዬበታለሁ" ይላል። አትጣሉት። የመረጣቸውን ቀለሞች ሁሉ ተቀበሉት፣ አንድም አትቀንሱበት። ሁለት ዓይነት ሥሩለት፤ በአንዱ ሁሉንም እኩል፣ በሌላው አንዱን ሰፊ፣ አንዱን ጠባብ፣ አንዱን ጠብታ። ሁለቱንም አትሙና ሱቁ በር ላይ ለጥፉለት። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ወስዳችሁ አቁሙትና ራሱ ይምረጥ።