ባትሪ ቀይሮ ሬዲዮው «ኮድ» ላለው ወንድሜ

ባትሪ ከቀየርክ በኋላ የመኪናህ ሬዲዮ «ኮድ» እያለ አልሠራም ብሎሃል፤ አውጥቼው ሌላ ላስገጥም ወይ ነው ጥያቄህ። አታውጣው! እኔን ያየህ ተቀጣ።

1. በግምት አትሞክር። ባትሪው ሲነቀል ሬዲዮው የተሰረቀ ይመስለዋል፤ ደጋግመህ ከተሳሳትክ ይቆልፋል። እኔ 0000፣ 1234፣ የልደት ዓመቴን ሳይቀር ሞክሬ ጥርቅም አለ። አንዳንዱ የመኪናው ቁልፍ እንደተከፈተ ረጅም ሰዓት ካልተውከው አይለቅም።

2. ኮዱ ከመኪናው መጽሐፍ ጋር ካልተገኘ የሬዲዮው ሴሪያል ቁጥር ያስፈልግሃል። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ሬዲዮው ጎን ወይም ጀርባ ላይ ነው የሚለጠፈው። ይሄን ማን ይነግርሃል? አስመጪው ቢሮ ሄጄ የሻንሲ ቁጥር ብሰጣት ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል «እሱን አልጠየቅኩህም» ብላ ወረቀቴን በጣቷ ገፋችልኝ። ሬዲዮውን አስፈትቼ ቁጥሩን ይዤ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ «ሊብሬስ?» ቀድማ ብትነግረኝ ምን ነበረበት!

3. ሶኬቱን አታስቆርጥ። እኔ በንዴት «ሌላ ግጠምልኝ» ብዬ መኪናዋን ለአንድ ኤሌክትሪሻን ሰጠሁት። ፒንሳውን አንስቶ የፋብሪካውን ሶኬት ቀጭ! የአራቱን ስፒከር ኔጌቲቭ አንድ ላይ ጠምዝዞ ማሳ ላይ (የመኪናው ብረት ላይ) አሰረው። «ኔጌቲቭ ያው ኔጌቲቭ ነው» አለኝ።

አይደለም። በአሁኖቹ ሬዲዮዎች የስፒከሩ ሁለቱም ሽቦዎች የሚመጡት ሬዲዮው ውስጥ ካለው አምፕሊፋየር (ድምፅ አጉሊ) ነው። ድምፅ በሌለበት ሰዓት እንኳ ሁለቱም ላይ 6 ቮልት ገደማ አለ፤ ስፒከሩን የሚገፋው የሁለቱ ልዩነት ነው። አንዱን ማሳ ስታስነካው ሾርት አደረግከው ማለት ነው። መከላከያ ያለው ሬዲዮ ዝም ይላል። የኔው አዲስ ሬዲዮ ግን ጋለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ በቃ። ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ዕቃው ፎርጅድ ነው»።

ከዚያ በኋላ ለማንም አልሰጠሁም። ሊብሬዬን ወስጄ ኮዱን ተቀበልኩና የድሮውን ሬዲዮ ራሴ መለስኩት፣ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከሬዲዮው በተለየው ሽቦ ጥንድ ጥንዱን በ1.5 ቮልት ድንጋይ ለአፍታ እነካለሁ፤ የትኛው በር «ጠቅ» እንደሚል አዳምጬ በናስትሮ ምልክት አደርጋለሁ። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ከተገፋ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። (መኪናህ ለብቻው የተቀመጠ አምፕሊፋየር ካለው ይሄን አትሞክር፣ ሽቦው መጀመሪያ እሱ ጋ ነው የሚሄደው።) አሁን አራቱም ይዘፍናሉ፣ ያውም ከበፊቱ በተሻለ!

ሁልጊዜ 12 ቮልት የሚያገኘውንና ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚያገኘውን ሽቦ ግን አቀያይሬ አስሬ ነበር። በነጋ ቁጥር ሰዓቱም ጣቢያውም ይጠፋ ነበር። ኮዱንማ በየጠዋቱ ማስገባት ነበር ሥራዬ፤ ዛሬ ቢጠይቁኝ በእንቅልፌም እነግርሃለሁ።

አንተ ጋ ሶኬቱ ገና አልተነካም፣ ዕድለኛ ነህ። ሬዲዮውን ስትፈታ ቁጥሩን ፎቶ አንሳው። ሊብሬህንም እንዳትረሳ።